ጃንጂራ፤ በሕንድ ባሕር ላይ የቆመ የሐበሾች ቤተ መንግሥት

ሕንድ የብዙ ነገሥታት አገር ስለ ነበረች ቤተ መንግሥቷ እጅግ ብዙ ነው። ወደዚያ የሚሻገር መንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አግራ፣ ስለ ደልሂና ስለ ጃይፑር ነው፤ እነዚያም በውነቱ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። እኛ ግን ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ልናስታውቅ የፈቀድነው በዝነኛ ከተማ ያለውን አይደለም። በምዕራብ ሕንድ፣ ማሃራሽትራ በሚባለው ክፍል፣ ዓሣ አጥማጆችና የኮኮነት አትክልተኞች በሚኖሩበት የገጠር ባሕር ዳር፣ ጃንጂራ የሚባል ደሴት አለ። በዚያ ደሴት ላይ ቤተ መንግሥት ሠርተው 300 ዓመት ያህል የገዙት መኳንንት ሲዲ ይባላሉ፤ የዘራቸውም መነሻ ከባሕር ማዶ፣ ከሐበሻ ምድርና ከአካባቢው አገር ነው። ይህን ሰምቶ ሳያዩ መመለስ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ የሚገባ ነገር አልመሰለንም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቀድሞ ቦምቤይ ትባል ከነበረችው ከሙምባይ እስከ ሙሩድ ድረስ በየብስ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ ግን መንገዱን ለማሳጠር በመርከብ የሙምባይን ወደብ ተሻግረን ማንድዋ ከሚባለው ስፍራ ወረድንና ከዚያ በአውቶሞቢል በአሊባግ በኩል ወደ ደቡብ ሄድን። በስተ ቀኝ ባሕሩ፣ በስተ ግራ ዱር የለበሱ ኮረብቶች ሳይለዩን፣ አንድ ጊዜ በሩዝ እርሻ፣ አንድ ጊዜ በኮኮነት ዛፍ ጥላ ሥር እናልፍ ነበር። ከኮኮነቱ ጋር ተቀላቅሎ ቀጥ ብሎ የሚያድገው ቀጭን ዛፍ ሱፓሪ የሚባለውን ፍሬ የሚያፈራ ነው፤ ይህን ፍሬ ሕንዶች በቅጠል ጠቅልለው ያኝኩታል። በዚህ አገር ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚበረታ ስለ ሆነ በዚያ ወራት ጀልባ ወደ ደሴቱ አይሻገርም። መሄድ የሚፈልግ ሰው በበጋ ይሂድ።

ለእመቤቶች አንባቢዎቻችን ስለ ምሳችን ጥቂት ብንናገር አይጠላም። በሙሩድ ያቀረቡልን ሩዝና በኮኮነት ወተት የተሠራ የዓሣ ወጥ ነበር፤ በርበሬው ለእኛ እንግዳ አልሆነብንም። ከዚያ በኋላ ኮኩም ከሚባል ጎምዛዛ ፍሬና ከኮኮነት ወተት የተሠራ፣ መልኩ እንደ ጽጌረዳ የቀላ መጠጥ ሰጡን። ከቃጠሎው በኋላ አፍን የሚያበርድ እንዲህ ያለ መጠጥ በእኛም ገበታ ቢኖር ብለን ተመኘን።

ወደ ደሴቱ የሚሻገሩት ራጃፑሪ ከምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ተነሥተው ነው። ጀልባው በሸራ የሚሄድ ነው። የጀልባው አለቃ ጠና ያለ ሰው ነበረና ከወዴት እንደ መጣን ጠየቀን፤ ከኢትዮጵያ ብንለው ስሙን አላወቀውም፤ ሐብሽ ባልነው ጊዜ ግን ፈገግ ብሎ በእጁ ወደ ቅጥሩ አመለከተን። ቅጥሩ ከሩቅ ሲታይ ከሥሩ ምድር ያለው አይመስልም፤ ጥቁሩ ግንብ ከውኃው ውስጥ በቀጥታ የበቀለ ይመስላል። ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው 19 ክብ ግንቦች ቆመዋል፤ በየግንቡም መድፍ የሚታይበት ቀዳዳ አለ። ይልቁንም የሚያስደንቀው በሩ ነው። እስኪጠጉት ድረስ በር ያለ አይመስልም፤ ሁለት ግንቦች ከግራና ከቀኝ ሸፍነው ስለ ያዙት የማያውቅ ጠላት ግድግዳውን ሲዞር ይውላል እንጂ መግቢያውን አያገኝም። ጀልባው ከደረጃው አጠገብ ሲደርስ ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ያደርገዋልና መንገደኛ አመቺውን ጊዜ ጠብቆ መዝለል አለበት። ሽማግሌና ሕፃን የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ።

ከበሩ አጠገብ በድንጋይ የተቀረጸ አውሬ አለ። አንበሳ ይሁን ነብር አይለይም፤ በእግሮቹ ዝሆኖችን ጨብጧል፤ ዝሆኖቹም ከእሱ ጋር ሲተያዩ የውሻ ግልገል ያህላሉ። በዚያ አገር ዝሆን የታላላቅ ነገሥታት ምልክት ነውና፣ ቅርጹን ያስቀረጸው ሰው ለመጪው ሁሉ ምን ሊናገር እንደ ፈለገ ለመገመት አያስቸግርም።

ከውስጥ ሲገቡ አንድ ሙሉ ከተማ የነበረበት ስፍራ መሆኑ ይታወቃል። ደሴቱ 22 ኤከር ያህል ነው። የመስጊድ ፍራሽ፣ የቤቶች መሠረት፣ ወደ ግንቡ አናት የሚያወጣ ደረጃ፣ በጎን በኩልም ወደ ሰፊው ባሕር የሚያስወጣ ትንሽ የማምለጫ በር አለ። በግንቦቹ ላይ ዛሬም ብዙ መድፎች ተጋድመዋል፤ ከሁሉም ትልቁ ካላል ባንግዲ ይባላል፤ ክብደቱም 22 ቶን ነው ይላሉ። ወንዶቹ ጎብኚዎች ሁሉ በመድፉ ዙሪያ ተሰበሰቡ። እኛ ግን ብዙ የቆየነው በኩሬዎቹ አጠገብ ነው። በዙሪያው ያለው ውኃ ሁሉ ጨው ሲሆን በዚህ ቋጥኝ መካከል ሁለት ሰፋፊ የጣፋጭ ውኃ ኩሬዎች አሉ። መድፍ ጠላትን ያርቃል፤ በከበባ ወራት እናቶች ለልጆቻቸው የሚያጠጡት ውኃ ከሌለ ግን መድፉ ምን ይረባል? ለጃንጂራ አለመያዝ ከግንቡ ይልቅ እነዚህ ኩሬዎች የረዱት ይመስለናል።

ቤተ መንግሥቱ ከመካከል ቆሟል። የሲሩል ካን ቤት ይባላል፤ ሲሩል ካን ከ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ጃንጂራን የገዛ ሲዲ ነው። ቤቱ ሦስት ፎቅ ያህል ከፍታ አለው፤ አሁን ግን የቀረው ግድግዳው ነው፤ ወለልና ጣራው ጠፍቶ ከምድር ቤት ሆነው ቀና ሲሉ ሰማይ ይታያል። በመስኮቶቹ ቀስት መካከል ሣርና ቍጥቋጦ በቅሏል፤ የዛፍ ሥር ድንጋዩን እንደ እጅ ጣት ጨብጦታል። እንደ ሌሎቹ የሕንድ ቤተ መንግሥቶች ዕብነ በረድና የወርቅ ቅብ እናያለን ብሎ የሚመጣ ሰው ያዝናል። ይህ ቤት የመርከበኞች አለቃ ቤት ነበረ፤ ከላይኛው መስኮት ሆኖ መርከቦቹን ለመቍጠር የተሠራ ይመስላል።

አሁን ስለ ባለቤቶቹ እንናገር። ሲዲ የሚለው ስም ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ጌታዬ ማለት ነው ይባላል። ሐብሺ የሚለውንም ስም ሕንዶች ከምሥራቅ አፍሪቃ ለመጣ ጥቁር ሰው ሁሉ ይሰጡት ስለ ነበረ በጃንጂራ የኖሩት ሁሉ ከዛሬዋ ኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው ብለን ልንመካ አንችልም። ነገር ግን ከአገራችን ከደቡቡና ከምሥራቁ እየተማረኩ በዘይላና በምጽዋ በኩል ወደ ዓረብ አገር፣ ከዚያም ወደ ሕንድ የተሻገሩ ልጆች ብዙ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ባሕሩን ያሻገሯቸው ባዕዳን ነጋዴዎች ቢሆኑም እስከ ባሕሩ ዳር ነድተው የሸጧቸው የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን ትተን ክብራቸውን ብቻ ብንናገር እኩሌታውን ታሪክ መደበቅ ይሆንብናል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ማሊክ አምበር ነው። በ1548 ገደማ በአገራችን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደካን ወደሚባለው የሕንድ ክፍል ደረሰ። የገዛው ጌታ ቸንጊዝ ካን የአሕመድናጋር መንግሥት ታላቅ ሹም ሲሆን እሱም ራሱ ሐበሻ ነበረ። ማሊክ አምበር ከ1600 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ የዚያ መንግሥት እንደራሴ ሆኖ የሞጎሎችን ጦር ሲመክት ኖረ፤ በ1610 የቆረቆራትም ከተማ በኋላ አውራንጋባድ ስትባል የኖረችው ናት። ጃንጂራም አስቀድሞ የዚሁ የአሕመድናጋር መንግሥት ምሽግ ነበረና ጥበቃው ለሲዲዎች ተሰጠ፤ ያ መንግሥት ሲወድቅም ደሴቱ በእጃቸው ቀረ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የሹመታቸው ሥርዓት ነው። በጥንቱ ዘመን የጃንጂራ አለቃ ሲሞት በቦታው የሚተካው ልጁ አልነበረም፤ ከመርከቦቹ አለቆች መካከል በማዕረግ የሚቀጥለው ሲዲ ነበር። ነገሩን ስናስበው ከኑሯቸው የመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች ከአባታቸው ቤት ተነጥቀው የሄዱ ናቸው፤ ርስት፣ አጥንት፣ የአያት ስም ይዘው አልመጡም። አብሮ በመርከብ የተሰቃየ ባልንጀራ ወንድማቸው፣ የመራቸው አለቃ አባታቸው ነበረ። እንዲህ ባለ ማኅበር ሰው የሚከበረው በትውልዱ ሳይሆን በሥራው መሆኑ የማይቀር ነው።

ይህም ሥርዓት በክፉ ቀን ጠቀማቸው። የማራታዎች ንጉሥ ሺቫጂ አገሩን ሁሉ ሲያስገብር ይህችን ደሴት ብቻ ለመያዝ ብዙ ዓመት ደክሞ አልተቻለውም። በ1670 ገደማ የደሴቱ ገዥ ፋቴህ ካን ምሽጉን ለሺቫጂ ለማስረከብ ባሰበ ጊዜ ሲዲ ሳምባል፣ ሲዲ ቃሲምና ሲዲ ኻይሪያት የሚባሉ ሦስት ሐበሾች ተማክረው አሰሩትና ሥልጣኑን ያዙ። ከዚያም ወደ ሞጎሉ ንጉሠ ነገሥት ወደ አውራንግዜብ ልከው በባሕር ኃይል አለቅነት ተሾሙ። የሺቫጂ ልጅ ሳምባጂም በ1682 በምድሩና በደሴቱ መካከል ያለውን ባሕር በድንጋይ ሞልቶ በእግር ለመሻገር ሥራ አስጀምሮ ነበረ፤ የሞጎሎች ጦር በሌላ በኩል ስለ መጣበት ትቶት ሄደ። ከጃንጂራ ግንብ ላይ ሆነው ወደ ሰሜን ሲመለከቱ ከባሕሩ መካከል ሌላ ትንሽ ምሽግ ይታያል፤ ፓድማዱርግ ይባላል፤ ሺቫጂ ጃንጂራን ለመቈጣጠር ያሠራው ነው።

ከሦስቱ አንዱ ሲዲ ቃሲም በኋላ ያቁት ካን የሚል የክብር ስም ተቀበለ። እንግሊዞች አውራንግዜብን ባስቈጡት ጊዜ በ1689 ሲዲ ያቁት ጦሩን በቦምቤይ አውርዶ የእንግሊዞችን ምሽግ ከበበ። እንግሊዞችም በጭንቅ ወራት ከቆዩ በኋላ መልእክተኛ ልከው ይቅርታ ለምነው 150,000 ሩፒ ካሣ ከፍለው በ1690 ከበባው ተነሣላቸው። ያ ሁሉ ኃይል የተነሣው ዛሬ ጀልባ ዘልለን ከወረድንበት ከዚያ ደረጃ ነው።

ነገር ግን ቤት ሲጸና ልጅ ይበዛል፤ ልጅ ሲበዛም አባት ሥልጣኑን ለልጁ ለማውረስ ይመኛል። በጃንጂራም እንዲሁ ሆነ። ባለ ሦስት ፎቁን ቤት ትቶ ሲሩል ካን በ1733 ገደማ በሞተ ጊዜ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በውርስ ተጣሉ። ሺቫጂና ሳምባጂ በመድፍ ያልከፈቱትን በር ከወራሾቹ አንዱ አብዱል ራሕማን በገዛ እጁ ከፈተው፤ የማራታዎችን ርዳታ ለምኖ ጦራቸውን አስመጣ። ደሴቱ ባይያዝም ከአገሩ ብዙው ክፍል በዚያ ጦርነት ከሲዲዎች እጅ ወጣ። ሲሩል ካን የተቀበረው ከራጃፑሪ መንደር አጠገብ ክሆካሪ በሚባል ስፍራ ነው፤ በዚያ ካሉት ሦስት የሲዲዎች መቃብር ቤቶች ትልቁ የሱ ነው፤ በሕይወቱ ሳለ ያሠራው ነው ይባላል። ጕልላቱ አምሮ ዛሬም ቆሟል፤ ቤቱና መቃብሩ ሲነጻጸሩ መቃብሩ ይሻላል።

በኋላ ዘመን የጃንጂራ ገዦች ናዋብ በሚል ማዕረግ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ኖሩ፤ ግዛታቸው 324 ካሬ ማይል ነበረ። የጦርነት ዘመን ስላለፈ ከደሴቱ ወደ ምድር ተሻገሩና በሙሩድ አጠገብ በባሕሩ ገደል ላይ አሕመድጋንጅ የሚባል አዲስ ቤተ መንግሥት ተሠራ። ያሠሩት ከ1879 እስከ 1922 የገዙት ናዋብ ሲዲ አሕመድ ካን ናቸው። የአውሮፓና የሞጎል አሠራር የተቀላቀለበት፣ ጕልላትና ሰገነት ያለው ቤት ነው።

በዚህ ቤት የኖሩት እመቤት ቤጉም ናዝሊ ናቸው። ቤጉም በሕንድ የእመቤትነት ማዕረግ ነው። ትውልዳቸው ከቦምቤይ የነጋዴና የተማሩ ሰዎች ቤተ ሰብ ሲሆን የተወለዱት በኢስታንቡል ነበረ፤ ገና ልጅ ሳሉ ለናዋቡ ተዳሩ። በ1908 ከባለቤታቸውና ከእኅታቸው ከአጢያ ጋር አውሮፓን ጎበኙና ያዩትን ሁሉ በኡርዱ ቋንቋ ጻፉት፤ ጽሑፉም የአውሮፓ ጉዞ በሚል ስም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ከባለ መጋረጃ ቤት የወጣች ሴት የራሷን የጉዞ መጽሐፍ ማሳተሟ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበረ። እኛም የጉዞ ጽሑፍ የምንጽፍ ሰዎች ስለ ሆንን በደጃቸው ስናልፍ በልባችን እጅ ነሣን።

ቤጉም ናዝሊ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህም ወራሽ እንዲገኝ ተብሎ ናዋቡ በ1913 ገደማ ሌላ ሚስት አገቡና ከ20 ዓመት በላይ የቆየው ትዳር ፈረሰ። በ1914 ከአዲሲቱ ሚስት ከቤጉም ኩልሱም ወንድ ልጅ ተወለደ። ናዋቡን ለመውቀስ አንቸኩልም፤ ወራሽ የሌለው ቤት በእንግሊዞች ዘመን ምን እንደሚገጥመው የሕንድ መሳፍንት ሁሉ አይተዋል። ግን ሲዲ ቃሲምና ጓደኞቹ በመርከብ ላይ የተከተሉት ያ የጥንቱ ሥርዓት ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የዚህች ብልህ ሴት ክብር በማኅፀኗ ባልተለካ ነበረ ብለን ማሰባችን አልቀረም። በሌላ በኩል ደግሞ ናዋቡ በ1922 ሲሞቱ ልጃቸው ሲዲ ሙሐመድ ካን ገና የ8 ዓመት ሕፃን ስለ ነበረ እናቱ ቤጉም ኩልሱም እስከ 1933 ድረስ እንደራሴ ሆነው ገዙ። በትውልድ መውረስ አንዲቱን እመቤት ከቤቱ አስወጣ፤ ሁለተኛይቱን ከመንበሩ አጠገብ አስቀመጠ።

ሲዲ ሙሐመድ ካን የመጨረሻው ገዥ ናቸው። ሕንድ በ1947 ነጻነቷን ባገኘች በማግሥቱ በ1948 ጃንጂራ ከቦምቤይ ክፍል ጋር ተቀላቀለች። ናዋቡም በ1972 አረፉ። ቤጉም ናዝሊ ደግሞ ከእኅታቸው ጋር ወደ ፓኪስታን ተሻግረው በካራቺ ኖሩ፤ በዚያውም ሞቱ። መኳንንት ያልሆኑት ሲዲዎች ግን ዛሬም በጉጃራትና በካርናታካ ገጠር በብዛት ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ድኾች ገበሬዎችና ሠራተኞች ናቸው።

በመጣንበት መንገድ ስንመለስ በአሕመድጋንጅ በር አጠገብ ቆምን። ቤቱ የቤተ ሰቡ የግል ንብረት ስለ ሆነ ለጎብኚ አይከፈትም፤ እኛም እንዲከፈትልን አልጠየቅንም። ከመንገዱ ዳር ሆነን ያየነው ጕልላቶቹን፣ በዛፎቹ መካከል የሚታየውን ሰገነትና ወደ ባሕሩ የዞሩትን የላይኛ መስኮቶች ነው። የባሕሩ ነፋስ እየበረታ ሄደ፤ አውቶሞቢል ነጂያችንም ከማንድዋ የሚነሣው የመጨረሻው መርከብ እንዳያመልጠን አስታወሰን።